ቀለሙ የለቀቀው ፉርጎ

ጥር ፲፪ ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለተወደድሽው ልጄ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር ደኅና ነኝ። የምትመጡበትንም ዕለት በቀን መቁጠሪያው ላይ ከብቤዋለሁ። ነገር ግን «ልጄ የአያቷን አሮጌ የቆርቆሮ ባቡሮች እጇን ወደ ኋላ አድርጋ እንድትመለከት አስተምሬያታለሁ፤ አትሥጋ» ያልሽውን ሳነብ፣ ወዲያው ብዕር አነሣሁ።

ቀዩን ፉርጎ ታስታውሺዋለሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ በጎኑ ላይ የነበረው ቢጫ የሐረግ ጌጥና ሰባት ቁጥሩ ጠፍቶ ሲገኝ፣ ጥፋቱ በአንቺ ላይ ተላከከ። «እኔ አልነካሁትም፣ አባዬ» አልሽ። እኔም «ውሸት ከጥፋት ይከፋል» የሚለውን ቃል ሃምሳ ጊዜ አስጻፍሁሽ፤ ይባስ ብዬ የፊደል ግድፈትሽን በቀይ ቀለም አርሜ መለስሁልሽ። ከዚያ ወዲያ ወደ ባቡሮቹ ክፍል ዝር አላልሽም።

ባለፈው ማክሰኞ ወዳጄ ሰዓት ሠሪው ባቡሩን የሚያስኬደውን ሞላ ዘይት ሊቀባልኝ መጥቶ ነበር። ፉርጎውን በአጉሊ መነጽሩ አገላብጦ አየና፣

«ጋሼ፣ ይኼን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለኝ።

«ልጄ ናት፤ በልጅነቷ» አልሁት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጄ፣ ዳግመኛ አንቺን አነሣሁ።

«ተዉ እንጂ፣ ጋሼ። ልጅ ይቧጭራል እንጂ አልኮል በነካ ጥጥ ዳር ዳሩን ጠንቅቆ አይጠርግም። ይኼ የአውቃለሁ ባይ እጅ ነው።»

ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁና ፉርጎውን ከእጁ ተቀበልሁት።

እውነቱ ይህ ነው። በቆርቆሮ ላይ የታተመ ቀለም በደረቅ ጨርቅ ብቻ እንደሚወለወል ለጀማሪዎች የማስተምር ሰው፣ አንዲት የዝንብ ኩስ ላስለቅቅ ብዬ በአልኮል ጠረግሁት። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ወጣ። በማግስቱ የአሮጌ መጫወቻ ሰብሳቢዎች ማኅበር ሰዎች ሊጎበኙኝ ቀጠሮ ነበራቸው፤ በእነርሱ ፊት ከማፍር የአንቺን መቀጣት መረጥሁ።

ሰዓት ሠሪው «ቀለም ልቀባው?» ቢለኝ እምቢ አልሁ። ባዶ ቆርቆሮው ይታይ። የልጅ ልጄ ስትመጣ ቁልፉን ጠምዝዛ ባቡሩን የምታስነሣው እርሷ ናት። ፉርጎው ምን ነካው ብላ ብትጠይቅ፣ የምመልስላት እኔ ነኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያቺኑ ቃል ሃምሳ ጊዜ የጻፍሁበትን ወረቀት አያይዣለሁ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩን አልጠበቀም። በቀይ አርመሽ መልሺልኝ።

መንገዳችሁ የቀና ይሁን። ልጅሽንም እጇን ከኋላዋ ፈትተሽ አምጫት።

አባትሽ