አባባ ከመናገሩ በፊት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። በወረቀት የጻፍኩልሽ ስልክ ስደውል አባባ ሁልጊዜ አጠገብሽ ስለሆነ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ከየትም የተላከልኝን የድምፅ ቅጂ ብዙ ቦታ እንዳይፈጅ እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ አሳንሳለሁ። አባባ ለጠየቀው ሁሉ «ልጄ ድምፅ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይከታል» ይላል አሉ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። ዘዴው ጆሮ የማያስተውለውን እየለዩ መጣል ነው። ማዳመጫዬን አድርጌ አንዲትን ቃል መቶ ጊዜ ስሰማ ትርጉሟ ይጠፋና ነፋስ ብቻ ትሆናለች፤ ግድግዳው ይርቃል፣ ቀኑም ሳላውቀው ያልፋል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና በሕልሜም እሰማለሁ እንጂ አላይም።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። አንድ ደንበኛ የንግግር ቅጂዎቹ በጣም እንዲያንሱለት ስለፈለገ አዲስ ፕሮግራም ጻፍኩ። የሞከርኩት አባባ በሁለት ዓመት ውስጥ በላከልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ ላይ ነው። ጥሩ ሠራልኝ ብዬ ያነሰውን አስቀርቼ ዋናውን አጠፋሁት። ባለፈው ሳምንት ጉሮሮው በወሩ መጨረሻ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለት፣ ሐኪሙም ስለ ድምፁ ተስፋ እንዳልሰጣችሁ ስትነግሪኝ ያስቀረሁትን ከፍቼ ሰማሁት። ቃሉ ሁሉ አለ። ከመናገሩ በፊት «እህህ» የሚላት፣ ስሜን ሊጠራ ሲል የሚስባት ትንፋሽ፣ ከኋላው የግቢው ወፎች ግን የሉም። ፕሮግራሜ ትርፍ ነው ብሎ ጥሏቸዋል። አባባ ዜና እንደሚያነብ ሰው ሆኖ ይመክረኛል። በገዛ እጄ የሠራሁት ነውና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እታለም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ጎረቤቴ ነርሷ ትንሽ መቅረጫም ይዛለች። አባባ ቁርስ ሲበላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ። ምክር አታስነግሪው፣ ይኮሳተራል። ከልጆቹ ጋር ይከራከር፣ ጨው አነሰ ብሎ ያጉረምርም፣ ይሳል። በስልክ እንዳትልኪው፤ ስልኩም እንደ እኔ ድምፅ ቆራርጦ ይጥላል። ነርሷ ስትመለስ መቅረጫውን በእጇ ስጫት።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ሬዲዮውን ትንሽ ይቀንስና ይስማሽ። ነገረኛዋን ልጅሽንና መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አክስቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለአባባ ደግሞ፣ ድምፁ ቢመለስም ባይመለስም እሁድ እሁድ እንደ ወትሮው እደውላለሁ በይው። ስልኩን ለማንም አሳልፎ አይስጥ። ምንም ባይል እንኳ ጆሮው ላይ ይያዘው፤ እኔ እሰማዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ ጠዋት፣ ኅዳር 11 ቀን