ጣሪያውን «ለጊዜው» ይዘው ስለሞቱት ስለ ጋሽ ምሰሶ ከልብስ ስፌት ሠራተኞች ማኅበር የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር፣ ሁላችንም «ጋሽ ምሰሶ» እያልን የምንጠራቸው ኤልፍ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በጨርቅ መቁረጫው አዳራሽ ውስጥ በሥራ ላይ እንዳሉ ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ቁጣችንም ከሐዘናችን አያንስም። ሁለቱን ለይተን መጻፍ ስላልቻልን አንድ ላይ ጽፈነዋል።

የፋብሪካው አስተዳደር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፈው ወረቀት ጋሽ ምሰሶ «በድንገተኛ ሕመም» እንደሞቱ ይናገራል። ሐሰት ነው። የሞቱት በድካም ነው። «ኤልፍ አይደክምም» የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው አናውቅም፤ ማን እንደተጠቀመበት ግን እናውቃለን።

ጋሽ ምሰሶ ወደ ፋብሪካው ከመግባታቸው በፊት ከዋናው በር ፊት ለፊት ተቀምጠው ጃንጥላ ይጠግኑ ነበር። ትልቁ የምድር መንቀጥቀጥ በደረሰበት ዓመት የመቁረጫው አዳራሽ አግዳሚ እንጨት መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ እየሮጡ ወጥተው «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ጣሪያውን ለጊዜው ይያዙልን!» አሏቸው። ጋሽ ምሰሶ የጀመሩትን ጃንጥላ አጥፈው ገቡ፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል ቆመው ቀኝ መዳፋቸውን ወደ ላይ አነሡ። አስማታቸው ድምፅም ብልጭታም አልነበረውም። እንጨቱ መንቋቋቱን ተወ፤ ያ ብቻ ነው።

የኤልፎችን፣ የእነዚያን ዕድሜያቸው የረዘመ ባለ አስማት ፍጡራን፣ ነገር ለማያውቁ አንባቢዎች ይህን እንገልጻለን። ኤልፍ «አይሆንም» የማለት መብት አለው። አንዴ «እሺ» ካለ ግን ቃሉን የቃል አምላክ ይይዝበታል፤ የጠየቀው ሰው፣ ወይም በዚያ ሰው ወንበር የተተካ፣ «በቃ» እስኪለው ድረስ አይለቀቅም። «በቃ» ለማለት ትንፋሽ አይፈጅም። ከማለት በፊት ጣሪያውን መጠገን ግን ያስፈልጋል።

መንቀጥቀጡ በደረሰ በዓመቱ አንድ ግንበኛ መጣ፤ ለካ፤ ሄደ።

ጎርፉ በገባበት ዓመት ጋሽ ምሰሶ ጣሪያውን በቀኝ እጃቸው እንደያዙ በግራ እጃቸው ውሃውን ከደጃፉ ላይ አቁመው፣ ጣቃ ጨርቁን በሙሉ ወደ ፎቅ እስክናወጣ ድረስ ጠበቁን። አስተዳደሩ ለጨርቁ መዳን ምስጋና ያቀረበው ለጥበቃ ክፍሉ ነው።

በቀሩት ዓመታት ሁሉ በግራ እጃቸው አዝራር በቀለምና በመጠን ይለዩ ነበር። ዓይናቸው ለደከመ ባልደረቦች ክሩን በትንፋሻቸው ከመርፌው ቀዳዳ ያሳልፉላቸው ነበር። ይህን እንዲያደርጉ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የሚተኙት በጣቃዎቹ ላይ ተደግፈው፣ ክንዳቸው እንደተነሣ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ አስኪያጅ በተሾሙበት ዓመት አዳራሹን ሲጎበኙ «ምን ጎደለብዎ ጋሼ! እኛ ፀሐይ ላይ ስንንከራተት እርስዎ ጥላ ሥር!» ብለው ሳቁ። ከእኛም መካከል አብረው የሳቁ ነበሩ። ማኅበሩ ይህን የሚጽፈው ወቀሳው የአስተዳደሩ ብቻ እንዳይመስል ነው። በተነሣው ክንዳቸው ላይ የልኬት ሜትራችንን፣ ካፖርታችንን የሰቀልን አለን። ክንድ መሆኑን ረስተነው ነበር።

ሦስተኛውና የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ስንጥቁን ቀለም አስቀቡት። የጋሽ ምሰሶም የሥራ መደብ «ጊዜያዊ» ተብሎ ተመዘገበ፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ደግሞ የዕረፍት ፈቃድ የለውም። ማኅበሩ ጥገናው እንዲጀመር በስብሰባ ላይ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ «ኤልፍ ሺህ ዓመት ይኖራል፤ የእኛ ጣሪያ ከዚያ ላይ ስንት ዓመት ይወስድበታል?» የሚል ነበር። ወደ ቃል አምላክ ቤተ መቅደስም ሄደን አመለከትን። ካህናቱ ገብተው ጠይቀው ሲወጡ «አምላካችን ቃል ይጠብቃል እንጂ ጣሪያ አይጠግንም» አሉን። አምላክ ሆኖ በአንድ ሽማግሌ ክንድ ላይ ሕንፃ ተጭኖ ሲያይ ዝም የሚል ከሆነ፣ ማኅበሩ በእርሱም ላይ ቅሬታ አለው። ቅሬታውን እስከ ዛሬ አልተውነውም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ምሰሶ ረጃጅም ጆሮዎቻቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያም «ልጆቼ፣ የያዛችሁትን ጣሉና ውጡ፤ ጫማችሁን አትፈልጉ» አሉ። ወጣን። መጨረሻ የወጣችው እግሯን የምታነክሰው የካውያ ተኳሽ ናት። እርሷ ደፉን ስትሻገር ክንዳቸው ወረደ፤ ጣሪያውም ወረደ። ከእርሳቸው ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። በባዶ እግራችን መንገድ ላይ ቆመን ተቆጠርን፤ የጎደሉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደ ሕያዋን እንመለስ።

የጋሽ ምሰሶ ታናሽ እኅት ከሩቅ መጥተው በበሩ አጠገብ ባለው የጥበቃ ክፍል ለሐዘን ተቀምጠዋል። የቃል አምላክ ሐዘንተኛ ኤልፍ «አይሆንም» እንዳይል ከልክሏል። ጨረቃ እስክትሞላ ድረስ እኅታቸው የሚጠየቁትን ሁሉ «እሺ» ከማለት በቀር ምርጫ የላቸውም። ይህን እኛ እናውቃለን። አስተዳደሩም ያውቃል። ከፈረሰው አዳራሽ አጠገብ ያለው የስፌት አዳራሽ ግድግዳው ተሰንጥቆ በእንጨት ተደግፎ ቆሟል፤ ሥራ ግን በመጪው ሳምንት እንዲቀጥል ታዟል።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አበባ ይዘው ለቅሶ ደረሱ። «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እሜቴ፣ ያው ሥራ አይቆምም፣ ለጊዜው እንኳ…» ሲሉ የመቁረጫና የካውያ ክፍል ሴቶች በአንድ ድምፅ እሪ አሉ። ኤልፍን የሚያስረው የሰማው ቃል ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዝምታ ጠብቀው እንደገና ጀመሩ፤ ሴቶቹም እንደገና ጀመሩ። በሦስተኛው አበባውን ወንበር ላይ ትተው ወጡ። በማግስቱ «የለቅሶ ሥርዓት በማወክ» ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። ለቅሶ ላይ አለቀሳችሁ ተብሎ የተከሰሰ ሠራተኛ ከእኛ በፊት መኖሩን አናውቅም። ድምፃችን ተዘግቷል፤ ለእሪታው ተራ ገብተናል።

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ያሳውቃል። ወደ ስፌት አዳራሹ የሚገባ አባል የለም፤ ጣሪያው በግንበኛ እንጂ በማንም ክንድ አይያዝም። የጥበቃ ክፍሉ በር ቀንና ሌሊት በአባላት ይጠበቃል።

ለቅሶ ለመድረስ የምትመጡ ወዳጆችና ጎረቤቶች ሆይ፣ ግቡ፤ በሩ ለእናንተ ክፍት ነው። ነገር ግን እኅታቸውን ምንም አትጠይቁ። «ውሃ አቀብይኝ»፣ «ጠጋ በይልኝ»፣ «ትንሽ ብዪ እንጂ» አትበሏቸው። ዓርብ ዕለት አንዲት ደግ እናት እንደማንኛችንም ልማድ አቅፈዋቸው «አይዞሽ እኅቴ፣ አታልቅሺ» አሉ። እኅታቸው በሲቃ መሐል ቀጥ አሉ። ፊታቸው ደረቀ፤ ትንፋሻቸው ግን እንደሚያለቅስ ሰው ይቆራረጥ ነበር። ሴትዮዋን ከገበያ አስጠርተን «በቃ» እስኪሉ ድረስ እኅታቸው በዚያው ሁኔታ ቆዩ።

የሐዘን መግለጫ ሲዘጋ ለቤተሰብ መጽናናትን መመኘት የተለመደ ነው። ይህ ማኅበር ለጋሽ ምሰሶ እኅት አሁን መጽናናትን አይመኝም። በዚህ በር ውስጥ ዝም ብለን አብረናቸው እንቀመጣለን፤ እርሳቸውም እስኪወጣላቸው ያለቅሳሉ።