«ዝጋው» የተባልኩት ኤሲ

ይድረስ ለእህቴ ለዙልፋ፣ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበት ተሻለሽ? ባልሽ ፈሀድስ፣ ያ ሳል ለቀቀው? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል፣ የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም ያፈሳል? አረፋን በሰላም አሳለፋችሁ? እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ በሰባ አራት ዓመቴ ውሸት አልጀምርም። ሙክታር የሚባል የሐይቅ ከተማ ሰው ማክሰኞ ወደ አገር ቤት ስለሚሳፈር ይህን በእጁ ልኬልሻለሁ። በስልክ የምናገረው ነገር አይደለም።

ባለፈው መጋቢት ይህ ዓለሙን ያዳረሰ በሽታ እዚህ ሲገባ፣ አብረነው የምንኖረው የልጄ የጀነት ባል ሃቢብ ትሬይለር ጎትቶ መጣ። ትሬይለር ማለት መኪና የሚጎትተው፣ አልጋና ምድጃ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ሃቢብ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ይሠራል። «ጋሼ፣ በሽታውን ይዤባችሁ እንዳልገባ፣ ለጊዜው ከእማማ ጋር እዚህ ብትሆኑ» አለኝ። ጓሮ አቆመው። ከእነሱ የኋላ በር እስከ ትሬይለሩ ደረጃ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። እኔ ግን ከቤት አስወጣኝ ብዬ ያዝኩት። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ የዚህን ቤት ደፍ አልረግጥም» አልኩ። «ኧረ ጋሼ፣ ሴፍ እንድትሆኑ ብዬ ነው» አለ።

ባለቤቴን ኡሚን ታውቂያታለሽ፣ ነፋስ አትወድም። ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጣሪያው ላይ ያለውን ኤሲ አስነሳሁ። ቀዝቃዛው አየር በኮርኒሱ ላይ ባሉ አራት ቀዳዳዎች ይወርዳል፤ አንዱ ልክ ከአልጋዋ በላይ ነው። «ጀርባዬን ብርድ መታኝ» ስትል ካርቶን ቆርጬ በፕላስተር ለጠፍኩበት። ሳምንት ሳይሞላ ማሽኑ መንኳኳት ጀመረ። ቀጥሎ በረዶ ሠራ። ክዳኑን ስፈታው የውስጡ ቱቦ ነጭ ለብሷል። አየሩ ይቆማል፣ ውሃው አልጋችን ላይ ይንጠባጠባል።

ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ሞተር ያለ አስተማሪ የጠገንኩ ሰው ነኝና የቆርቆሮ ቤት ኤሲ አያቅተኝም አልኩ። መሰላል አቁሜ ጣሪያ ወጣሁ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ማራገቢያውን ፈትቼ ጠረግሁ፣ ማጣሪያውን አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ የተጣመመውን ቆርቆሮ በሹካ አቃናሁ። ምንም የለም። ጩኸቱን አንድ በሽታ፣ በረዶውን ሌላ በሽታ አድርጌ ሁለት ሳምንት ለየብቻ አከምኳቸው። ለካ አንድ ናቸው፤ የሚንኳኳው ማራገቢያው በረዶውን እየፋቀ ነበር። ጀነት «አባዬ፣ የሚሠራ ሰው ኮል ላድርግ» ብትለኝ ተቆጣኋት።

በኋላ ባሏን ጠይቃ በመስኮት ነገረችኝ። «አባዬ፣ ሃቢብ በረዶ ከሠራ ዝጋው ይላል» አለችኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቁ ከእሱ መማር መሰለኝ። ቀዳዳዎቹን ማለቱ ነው፣ ብርዱ ተጠራቅሞ በአንድ በኩል ይበርታ ብሎ ነው አልኩና ሁለቱን ጠቀጠቅኋቸው። በሩ አጠገብ ያለውን ብቻ ተውኩ። ማሽኑ ባሰበት። እኔም «ይኸው የሃቢብ እውቀት» እያልኩ በኡሚ ፊት ሳቅሁበት። እሷም «ተው ኑርሁሴን፣ ምን አለበት ደግመህ ብትጠይቀው» አለች። እኔ ግን መሰላሌን ይዤ ወጣሁ።

ሐምሌ አሥር ቀን እኔ ጣሪያ ላይ ሳለሁ ኡሚ ታች ወደቀች። ስወርድ ፊቷ ቀልቷል፣ ገላዋ ይፋጃል፣ ስሜን ብጠራላት አታውቀኝም። አምቡላንስ መጣ፣ ሙቀት መትቷታል አሉ። ሲያወጧት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ቆሞ ሳለ፣ ሃቢብ ላይ ጮህኩ። «ዝጋ ብለህ የዘጋህባት አንተ ነህ! ከቤት አስወጥተህ አፈንካት!» አልኩት። «ጋሼ…» ብሎ ጀመረና የአምቡላንሱን በር ሊይዝላቸው ሄደ። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ ያለው ሆስፒታል በዚህ በሽታ ምክንያት ጠያቂ አያስገባም። አምስት ቀን ሙሉ የማንንም ፊት ሳታይ ተኛች።

እሷ በሄደች በማግሥቱ ያን ካርቶን ከአልጋዋ በላይ ገነጠልኩት። ብርድ የሚመታው ሰው የለማ። ወዲያው የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ሞተርን በጆሮዬ አውቃለሁ፣ ትንፋሽ ሲያገኝ ይገባኛል። የቀሩትንም ከፈትኩ። ከቀትር በኋላ በረዶው ቀለጠ፣ መንኳኳቱም ቀረ። ለካ በረዶ የሚሠራው አየሩ ሲታፈን ነው። ያን ጊዜ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ። ሃቢብ ዝጋው ያለው ማሽኑን ነበር። አጥፋው፣ በረዶው ይቅለጥ ማለቱ ነው። እናታችን ዜናው ሲያልቅ «ያን ሬዲዮ ዝጋው» ትለኝ አልነበረም? አንድ ቀን እንኳ ሬዲዮውን በጨርቅ ጠቅጥቄው አውቃለሁ?

አሁን ኡሚ ከሆስፒታል ወጥታ እነሱ ቤት ናት። ልቧ ደክሟል፤ ከአልጋ ወደ ወንበር ሰው ይዟት ነው። ሐኪሙ ትሬይለሩን እንዳታስቡት ብሏል፣ ስለ ልቧም ተስፋ አልሰጠንም። ሃቢብ በሽታ እንዳያመጣባት ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ብቻውን ይተኛል። የአረፋ ለት ጀነት ሳህን ደረጃዬ ላይ አስቀምጣ «አባዬ ና እንጂ፣ እማዬ ስለ አንተ ነው የምትጠይቀው» አለችኝ። ቀና ስል ኡሚ በመስኮት እጇን አነሳችልኝ። እኔም አነሳሁ። እጇ የእሷ አልመስል አለኝ፣ እንዲያ ቀጥኗል።

ለጀነት መሐላዬን አስታወስኳት። መሐላ ማካካሻ እንዳለው አንቺም እኔም እናውቃለን። የያዘኝ እሱ አይደለም። ያን ደፍ ብረግጥ ሃቢብ «ይግቡ ጋሼ» ይለኛል፣ እኔም የሆነውን መናገር አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ተነስቼ እስከ አሥራ አምስተኛው እርምጃ እሄዳለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ። ትሬይለሩ አሁን ደህና አድርጎ ይቀዘቅዛል፣ ድምፅም የለው። ጋቢ ለብሼ ውስጡ ብቻዬን እቀመጣለሁ።

ዙልፋ፣ ኡሚ ጁምዓ ስትደውልልሽ አንቺ ንገሪያት። «ሃቢብ አልተሳሳተም፣ ቀዳዳውን የዘጋው ኑርሁሴን ነው፣ ያወቀውም አንቺ ሆስፒታል ሳለሽ ነው» በያት። ለሃቢብ እሷ ትንገረው። ሃያ ሁለት እርምጃ ያቃተኝን ቃል በአንቺ በኩል ልኬዋለሁ። ብቻ ደብዳቤው እንደደረሰሽ ጁምዓን ሳትጠብቂ አንቺው ደውይላት። ስንት ጁምዓ እንደቀራት አላውቅም።

ፈሀድን ሰላም በይልኝ፣ ሳሉን ችላ እንዳይል። ልጆችሽን በየስማቸው ሳሚልኝ፣ ትንሿን ሁለቴ። ለጎረቤትሽ ለእትዬ ፀሐይወርቅም ሰላምታዬን አድርሺ። የወፍጮዋ ሞተር እንደገና ከጮኸ ኑርሁሴን እንዲህ ያደርገው ነበር እያለች በእኔ ዘዴ አትነካካው። የሚያውቅ ሰው ትጥራ፤ የሚላትንም ደግማ ትጠይቀው።

ወንድምሽ ኑርሁሴን
ብሌንደን ታውንሺፕ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሐምሌ 26 ቀን 2012 ዓ.ም.