መጽሔቱን በግድ ለሚያስጠቅሱ ዋና አዘጋጅ

ለክቡር ፕሮፌሰር ሽመክት፣
የ«ነጭ ዓባይ የምርምር መጽሔት» ዋና አዘጋጅ፣
አማራት፣ ጁባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ መጽሔትዎ ደረጃ በየዓመቱ ከፍ ከፍ እንዲል፣ የቢሮዎ ጄኔሬተርም በጽሑፍ መሐል እንዳይጠፋብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለዋሉልኝ ውለታ ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

1ኛ. ባልደረባዬ ወንጌልና እኔ «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈራችን በቦቴ የሚሸጠውን ውሃ መርምረን፣ አንዳንዱ ቦቴ ከወንዙ ቀድቶ በክሎሪን ሳያክም እንደሚሸጥ ያረጋገጥንበትን ጽሑፍ ስንልክልዎ፣ «ግሩም ሥራ ነው» ስላሉን እናመሰግናለን። ከሙገሳው አስከትለው በመጽሔትዎ የወጡ ስምንት ጽሑፎችን እንድንጠቅስ ማዘዝዎ ግን ትንሽ ግር አሰኝቶናል፤ አንዱ ስለ ንብ እርባታ፣ ሌላው ስለ ሙዝ አበሳሰል ሲሆን፣ ስለ ውሃ የሚያወራ አንድም አልነበረምና።

2ኛ. ግራ ገብቶኝ ስደውልልዎ፣ መጽሔት የሚመዘነው በተጠቀሰበት ቁጥር መሆኑን በትዕግሥት ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት። «እህቴ፣ አንቺ ካልጠቀስሽን ማን ይጠቅሰናል?» ማለትዎንም አልረሳም። እኔ ሞኟ፣ የሚጠቀሰው የሚጠቅመው ይመስለኝ ነበር።

3ኛ. ንቦቹን አልጠቅስም በማለቴ፣ «ቀዳሚ ጥናቶችን በበቂ አልዳሰሰም» ብለው ጽሑፋችንን ስለጣሉት ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚያው ሳምንት ተሻለች የምትባለው ጎረቤቴ ልጇ በተቅማጥ ተዳክማ ሆስፒታል ስለገባችባት፣ ለማኩረፍ ፋታ አላገኘንም። ወንጌል በጁባ ዐረብኛ፣ እኔ ደግሞ ቋንቋው ሲያጥረኝ በእጄ ጭምር የቦቴውን ውሃ ነገር እያስረዳን ቤት ለቤት ዞርን። እናቶቹ ስንት ጊዜ እንደተጠቀስን አልጠየቁንም። ጎረቤቴ ተሻለች ልጇን ከምታስታምምበት ሆስፒታል ስትመለስ መንገዱ መሐል ቆማ ክሎሪን ያልተጨመረበትን ቦቴ አላሳልፍም አለች፤ ጎረቤቶቿም አጠገቧ ተሰለፉ። «ሙሽኪላ ማፊ፣ ምንም ችግር የለውም» ይሉ የነበሩት ሾፌሮች፣ ገበያው ሲደርቅባቸው ክሎሪኑን ይዘው መጡ። ልጅቷ ድና ትምህርት ቤቷ ገብታለች። ጽሑፋችንንም አንድ ሌላ መጽሔት፣ ስለ ሙዝ ምንም ሳይጠይቀን አትሞታል።

ቁጥርዎ ይብዛ፣ አንባቢም አይንሳዎ እያልኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ያልጠቀስኩዎ፣ ግን መቼም የማልረሳዎ፣
ዝማሬ ታዲዮስ
የውሃ ጥራት ተመራማሪ፣ ጁባ ና ባሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጽሔትዎን ሳይታዘዝ በፈቃዱ የጠቀሰ ሰው ይኖር እንደሆነ በብዙ ድካም ፈልጌ አንድ አግኝቻለሁና፣ እንኳን ደስ አለዎ። የጠቀሰውም ስሕተቱን ለማረም ነው።