ሱሉልታ ውስጥ የሌለ መሬት

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

አካም ጂርቱ፣ አባዬ? ጉልበትዎ ይህን ብርድ እንዴት ቻለው? እማዬስ ሳሉ ቀለላት? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጤናዬ ደህና ነኝ። በጤናዬ ብቻ። ስደውል ስለሚዘጉብኝ፣ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ስለሚዘጋ በደብዳቤ መጣሁ።

ያ የተቃጠለው ወረቀቴ አዲስ አበባን ወደ ማሳችን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን አይደለም። ስንቴ ልበል? የሰማይ ምስል ነው። ሆስፒታል ደረትዎን ራጅ ተነስተው የለ? እንደዚያ ያለ ጨረር ከሰማይም ይመጣል፤ አየሩ ስለሚያግደው ግን የሚያየው መሣሪያ ያለው ሳተላይት ላይ ነው። ምስሉ ላይ ነጥብ ሆኖ የሚታየውን እተወዋለሁ፤ ደብዘዝና ሰፋ ያለውን ለዩኒቨርሲቲ ጥናቴ በቀይ እርሳስ እከባለሁ። በመቶ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች እንደ መንደር ሲሰበሰቡ፣ መካከላቸው ያለው ጋዝ ግሎ የሚያበራው እንደዚያ ነው። ከአንዳንዶቹ ብርሃኑ የተነሳው መሬት ራሷ ሳትፈጠር ነው። እንዲህ ያለውን መንደር ማን ይሸጣል? ማንስ ይገዛል?

ማክሰኞ ማስተር ፕላኑን በመቃወም በተጠራው ሰልፍ፣ ሱሉልታ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ወረቀቴ በሰው እጅ ሲዞር አየሁት። ጎረቤታችን ኦቦ ኩምሳ ጣታቸውን አንዱ ክብ ላይ አሳርፈው "ይቺ የኔ ማሳ ናት" አሉ። ከጎኑ የጻፍኩትን የሰማይ አቅጣጫ፣ ዲግሪና ደቂቃ፣ የመሬት ቀያሾቹ ከሚጽፉት ጋር አመሳሰሉት። አልፈርድባቸውም፤ አምና ቀያሽ የገባበት ማሳ ዘንድሮ ታጥሯል። ሰልፉንም አልነቀፍኩም፤ መሬቱ ቢሄድ እኔም አብሬ ነው የምነቀለው። ጮህኩ፣ ማን ይስማኝ። የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ምልክቴ ከነወረቀቱ እዚያው ነደደ።

ምስሉ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ላይ አለ፤ ክቦቹን ግን እንደገና ከአንድ መጀመር አለብኝ። እሺ፣ እጀምራለሁ። የማልችለው እርስዎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "መሬቴን የምትሸጥ ልጅ አልወለድኩም" ማለትዎን ነው። ለገናም ደጄን እንዳትረግጥ ብለው ላኩብኝ። አባዬ፣ አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም።

አንድ ነገር ብቻ ይስሙኝ። እሑድ እናንተ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለሱ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለታናሽ ወንድሜ ለጂሬኛ ሁሉንም አስረዳሁት። ሳይሰለች ጠየቀኝ። እኔ ሁለት ጊዜ አይቼ ያለፍኳትን፣ ከሁሉም ደብዛዛዋን መንደር እሱ አገኛት፤ ምናልባት ከሁሉም ሩቋ እሷ ናት። ስሙን ከጎኗ ስጽፍለት ደስ ብሎት ሳቀ። ከዚያ ጠቅልዬ ቆጡ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ሰው አላየውም። ወረቀት ደግሞ እግር የለውም። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ወጣቶች የማስተር ፕላኑን ማስረጃ አምጡ እየተባባሉ፣ ባዶ እጁን የመጣውን ፈሪ ይሉት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎም ጂሬኛ ነው። እዚህ ላይ ድምፁ ቢቆራረጥ አይቆጡት፤ ታናሼ ነው። ብቻ ሲጨርስ ቀና ብለው ፊቱን ይዩት። ለገና ልምጣ ወይስ ልቅር፣ ከዚያ በኋላ ይወስኑ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ማሳችንንም ከእነ ባለቤቷ ይጠብቅልኝ።

የወለዷት ልጅዎ

ጂሬኛ፣ የዘለልከው ካለ ተመልሰህ አንብብላቸው።