ያልተደፈነው ጉድጓድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ ሳስተምር፣ ፍልፈል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ይኖራል ብዬ ነው ያስተማርኩት። ሥዕሉን በጠመኔ እሥለው ነበር። አባትየው መግቢያው ላይ፣ እናትየው ጓዳ፣ አራት ግልገሎች ሣር ላይ። የእርሻ ትምህርት መምህሩ ታደሰ ግን "ብቻውን ነው የሚኖረው" ይል ነበር። አንዳችን ተሳስተናል። የትኛችን እንደሆን እስከ እሑድ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የተጀመረው በሁሴን ነው። ከቁልቋሉ አጥር ማዶ የሚያርስ ጎረቤቴ ነው፤ ልጅ ሳለም አስተምሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ዶማውን ተሸክሞ መጣ። የእኔም የእሱም ስኳር ድንች ከሥር እየተበላ ነው።

"አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ መምህር። ይሄን አውሬ ዛሬ ልገላግልዎት።"

ሳምንት ስጠኝ፣ የማጣራው ነገር አለኝ አልኩት።

"ምን? ኒካህ ሊያስሩለት ነው?"

ሚስቱ ሞሚና ከአጥሩ ወዲያ ሆና ሳቀች። እኔም ልስቅ አሰብኩ፤ አፌ ግን ዘገየብኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከሰው አልተነጋገርኩም ነበር።

ተስማማን። በእኔ በኩል አይነካውም። "በእኔ በኩል ከመጣ ግን የአላህ እንግዳ ነው ብዬ አልቀበለውም" ብሎኛል።

የአፈር ቁልሎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። ሁለት መስመር ሠርተዋል። አንዱ ከፓፓያው ተነሥቶ ወደ ሁሴን አጥር ይሄዳል፤ ሀ አልኩት። ሌላው በጓሮው ግንብ ሥር ነው፤ ለ። በመካከላቸው ዘጠኝ እርምጃ አለ። የአንድ ቤት ሁለት ክፍል መሆን አለበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ፍልፈል የተከፈተ ጉድጓድ አይወድም። ነፋስና ብርሃን ሲገባበት መጥቶ በአፈር ይደፍነዋል። ሰውም የሚይዘው በዚህ ጠባዩ ነው። እኔ ግን ሰዓት ብቻ ነው የያዝኩት።

ሀ፦ 3፡10 ተከፈተ፣ 3፡48 ተደፈነ።
ለ፦ 3፡15 ተከፈተ፣ 3፡50 ተደፈነ።

በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ቦታ መድፈን የሚችል አንድ እንስሳ የለም። ስለዚህ ሁለት ናቸው። ባልና ሚስት! ደስ ብሎኝ ለዘሃራ ልነግራት ወደ ጓዳ ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር። ባለቤቴ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። እግሬ ገና አልለመደም።

ምሳ የትናንቱን አሞቅኩ። ቀምሼ ተውኩት።

ስለ ታደሰም ልጻፍ። ጡረታ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ፣ በመሸኛው ቀን መምህራኑ ሁሉ ባሉበት ተነሥቶ "እኔ ድንች ስተክል፣ ሰይድ ፍልፈል ሲድር ኖረ" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀልድ ነበር። እጁን ሳልጨብጠው ወጣሁ።

ዘሃራ በሞተች ሰሞን ስልኬ ላይ ስሙ ሦስት ጊዜ መጣ። አላነሣሁም። ያን ጊዜ ማንንም የማናገር አቅም አልነበረኝም እያልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ከእሱ በስተቀር ሁሉንም አናግሬያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ከድሮ አልጋ የተረፈ ረጅም ብረት አገኘሁ። በሀ መስመርና በለ መስመር መካከል ያለውን መሬት በየእርምጃው ወጋሁት። መተላለፊያ ቢኖር ብረቱ ድንገት ሰርጎ መግባት ነበረበት። የትም አልሰረገም። መንገዱ ጠለቅ ያለ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ብረቱን ሀ አጠገብ ተክዬ ጫፉን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። በኋላ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ፍልፈሉ በራሱ አናት የጉድጓዱን ጣሪያ ይመታል። ዝም አለ። ከለ መስመር በኩል ደግሞ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ ዱም፣ ዱም።

ሞሚናን ጠራኋት። በአጥሩ ክፍተት ገብታ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ጣል አደረገች።

"ያረቢ! ምን እየተባባሉ ነው?"

አላውቅም አልኳት።

"ተጣልተው ይሆናል።"

"ባልና ሚስት ናቸው እኮ።"

"ታዲያ!" አለችና እየሳቀች ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የሁሴን ወጥመድ ያዘ። ዘንጉ ተፈናጥሮ፣ ገመዱ ወገቡን አንቆ ገድሎታል። በኋላ እግሩ አንጠልጥሎ አመጣልኝ።

"አይቀየሙኝ መምህር። በእኔ በኩል ነው የወጣው።"

መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ከጠበቅኩት በላይ ይከብዳል። ጸጉሩ ከሐር ይለሰልሳል፤ ዓይኑ ከማሽላ ፍሬ ብዙም አይበልጥ፤ ጥርሱ ብርቱካን ቀለም። ወንድ ነው። ወጥመዱ የተተከለው የሀ መስመር በአጥሩ ሥር አልፎ በሚወጣበት ላይ ነበር።

ተቀይሜያለሁ።

ሁሴን ከሄደ በኋላ የታደሰ ነገር ትዝ አለኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሆኖ እንዲህ ይል ነበር፦ "አንዱን ያዝና ጉድጓዱን ክፈት። ቤተሰብ ካለው አንዱ መጥቶ ይደፍነዋል። ማንም ካልደፈነው ብቻውን ነበር ማለት ነው።" እኔም "ሳይንስ በዶማ አይረጋገጥም" ብዬ መልሼለታለሁ። ያኔ ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር።

5፡20 ላይ ሀን ከፈትኩ። በርጩማ አምጥቼ ጥላዬ እንዳያርፍበት ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። 6፡00፣ ክፍት። 7፡30፣ ክፍት። ለዐስር ሶላት ተነሥቼ ስመለስም ክፍት።

ሚስትየዋ ፈርታ ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት፣ ክፍት። ከጁምዓ ስመለስ፣ ክፍት። ጉንዳኖች ይገቡበት ጀምረዋል።

ሁሴን ሁለት አገዳ ጥንቅሽ ይዞ መጣና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዱን ሰጠኝ። ጥርሴ እንደማይችለው ሲያይ መልሶ ወስዶ ልጦ፣ ቆራርጦ ሰጠኝ።

"ምን እየጠበቁ ነው?"

"የሚደፍነውን።"

"ሞተ እኮ።"

"ሚስቱን ነው የምጠብቀው።"

አገዳውን ተፋ።

"መምህር፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቱን ይዣለሁ። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ፍልፈል ነው። ሁለት ሆነው ከተገናኙ ይበላላሉ። አብረው የማገኛቸው እናት ግልገሎቿን ስታሳድግ ብቻ ነው። እነሱም ጠንከር ሲሉ ይሄዳሉ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?"

"እርስዎ አስተማሩኝ እንጂ መች ጠየቁኝ?" አለ። ከዚያ ሳቀ። "በፈተናም 'ከቤተሰቡ ጋር' ብዬ ጽፌ ነው አሥር ከአሥር የሰጡኝ። አባቴ ወረቀቱን አይቶ፣ ይሄ ልጅ ፍልፈል አይቶ አያውቅም እንዴ አለ።"

እኔም ሳቅኩ። ይሄኛው ሳቅ በሰዓቱ መጣ።

ከሄደ በኋላ ግን ተቀምጬ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ በአባቴ ማሳ ላይ ማረሻው አንድ ጉድጓድ ገልብጦ፣ ትልቅና ትንሽ ሆነው ሣር ላይ ተጠጋግተው አይቻለሁ። ያ ነው ሰሌዳ ላይ የሣልኩት። እናትና ልጅ ነበሩ። አባትየውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ተደፍኗል!

ከጠዋቱ 12፡40 ነው ያየሁት። አዲስ፣ እርጥብ አፈር። "ሁሴን!" ብዬ ልጣራ አፌን ከፍቼ ተውኩት። መጣች፤ ዘግይታ መጣች ማለት ነው። ታደሰን ረታሁት።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ተማሪ ቢያመጣልኝ "ሌላውን ጉድጓድ ሳታይ እንዴት ደመደምክ?" ብዬ የምመልስለት ሥራ ነው።

1፡15 ላይ ለን ከፈትኩ። ሀንም እንደገና ከፈትኩ።

ሀ በ1፡52 ተደፈነ። ለ እስከ ማታ ክፍት ነው።

ማክሰኞ ሁለቱም ሲደፈኑ ነበር። አሁን የሚደፈነው አንዱ ብቻ ነው። ረቡዕ በብረት ስወጋው በመካከላቸው መንገድ አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ነው፦ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፣ እያንዳንዱ በየቤቱ። አንዱ ሲሞት በለ መስመር ያለው ፍልፈል የጎረቤቱን ዝም ማለት ሰማ፣ አዲስ መንገድ ቆፍሮ ባዶውን ቤት ያዘ። ሚስት አይደለም። ቤተሰብ አይደለም።

ሥዕሉን ስንት ልጅ ወደ ደብተሩ እንደገለበጠው አሰብኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ሁሴን ፍየል ሊሸጥ ሰንበቴ ገበያ ወርዷል። ሞሚና በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "አብሽሩ፣ አይዞዎት መምህር፣ ዛሬ ብቻዎን ነዎት" አለችኝ። ምሳ ላኪልኝ አላልኳትም፤ ግን ላከች።

ጠዋት ብረቱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ፍልፈሉ አለ፤ ሥር ሲቆርጥ ይሰማል። ማንኳኳቱን ግን ከሐሙስ ወዲህ ትቷል። የሚመልስለት የለም።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ለታደሰ ነው። ገጾቹን ገልብጬ ነገ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው መኪና እልካለሁ። ስልክ መደወል ይቀል ነበር። አላነሣም ቢለኝ ግን መብቱ ነው፤ ያንን ለመስማት አልደፈርኩም።

ታደሰ፣

ረትተኸኛል። ሰዓቱና ቁጥሩ ሁሉ ከላይ አለ፤ ስሕተት ካገኘህበት አርመው። በመሸኛህ ቀን እጅህን ሳልጨብጥ ወጣሁ። ለዘሃራ ልታስተዛዝነኝ ሦስት ጊዜ ደውለህ ነበር፤ ሦስቱንም ስምህን እያየሁ ተውኩት። የሚያጸድቀኝ ምክንያት የለኝም። አፉ በለኝ።

አንድ ጥያቄ ግን ብቻዬን ልፈታው አልቻልኩም። ብቻውን መኖር የሚፈልግ እንስሳ ለምን ወደ ጎረቤቱ ያንኳኳል? "'ራቅ በለኝ' ለማለት ነው" ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ሌላም ጻፍኩና ሰረዝኩት። አንተ ዘንድ ያለው መሬት ፍልፈል የበዛበት ነው ሲባል እሰማለሁ። ብረት ትከልና አዳምጥ።

የስልክ ቁጥሬ ያው ነው። ብትደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሣለሁ። ብትጽፍም መኪናው ማክሰኞ ይመለሳል። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ሰይድ