መቶ አሥራ ሁለት ባዶ ቤት

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ ገና ግድግዳ ይዘሽ ትሄጃለሽ? የእማማ ዐይን፣ የባለቤትሽ ሳልስ እንዴት ሆኑ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከሥራ ልባረር ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር እንጂ።

«ኦርኬስትራ ውስጥ አንተ ምን ትሠራለህ? እነዚያ የምትጽፋቸው ቃላትስ ምንድን ናቸው?» ላልሽኝ፣ የምሠራው ኖታ ቤት ነው። ኖታ አድላለሁ፣ እሰበስባለሁ፣ በኪራይ ያመጣነውን ኖታ ከመመለሳችን በፊት ተጫዋቾቹ በእርሳስ የጫሩትን በላጲስ አጠፋለሁ። ቃላቱ አብዛኞቹ ጣሊያንኛ ናቸው። «ፒያኖ» ለስለስ አድርገው ነው። «ፎርቴ» ጮክ በል ነው፤ ባለቤትሽ ስልክ ሲያነሣ እንደሚያደርገው። «ዳ ካፖ» ከመጀመሪያው ድገም ማለት ነው፤ እማማ የጎረቤት ጠብ ስታወራ ማንም ሳያዛት ታደርገዋለች። ፌርማታን ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ግን የሚቆመው አውቶቡስ ሳይሆን ድምፅ ነው፣ መሪው እስኪለቀው ይጎተታል። «ታቼት» ዝም በል ነው፤ ከእኛ ቤተሰብ ይህን የሚችል ገና አልተወለደም።

ጥፋቴም የመጣው ከዝምታ ነው። ኖታ በትንንሽ ቤቶች ይከፋፈላል። አንድ ሽማግሌ መለከት ነፊ አለን፤ በአንዱ ሥራ ላይ መቶ አሥራ ሁለት ባዶ ቤት፣ ማለትም እሱ የማይነፋበትን፣ ቆጥሮ ነው ብቻውን የሚገባው። ዋሽንቱ የት እንደሚጀምር፣ ከበሮው የት እንደሚመታ ባለፉት ዓመታት በእርሳስ ምልክት አድርጎ ነበር። እኔ የኪራይ መስሎኝ ድራሹን አጠፋሁት። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ስምንት ቤት ቀድሞ፣ ቫዮሊኖቹ ገና ሲያንሾካሹኩ፣ መለከቱን ለቀቀው። መሪው ዱላውን አውርዶ «አባባ፣ ሠርግ አለብዎት እንዴ?» አለው። ከኋላ «አርጅቷል፣ ጡረታ ይውጣ» የሚል ጉምጉምታ ሰማሁ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ዝም ብል እሱ ይሸኛል፤ ብናገር እኔ። ተነሥቼ «ምልክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። የኖታ ቤት ኃላፊዋ «ቀድመህ ብትጠይቀኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?» ብላኝ ሙከራዬን በሦስት ወር አራዘመችው። ሽማግሌውማ «ና አንተ ላጲስ፣ ያጠፋኸውን ራስህ ጻፈው» ብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

ከመጻፋችን በፊት አብረን ቆጠርን። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስቴም ጠፋበት፤ አንዴማ ከሃያ አላለፈም። ለካ እስከዛሬ ያቆመው ያ እርሳስ ኖሯል። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እርሳሴን እየቀረጽኩ ነበር። ከዚያ የነገረኝን ሁሉ ከድሮው አግዝፌ፣ አድምቄ ጻፍኩለት። ቅዳሜ ኮንሰርቱ ላይ መለከቱ ልክ በቦታው ገባ፤ መሪው እጁን ጨበጠው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽ ሳሉን ሐኪም ያሳይ። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ ስታነቢላቸው ግን ስለ ሽማግሌው አቆጣጠር የጻፍኩትን ዝለዪው፤ እስካሁን ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ወንድምሽ
ከኖታ ቤት፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.